ድሩ የማን ነው?

ከጉለሌ ተነስቼ ናይሮቢ ደርሼ የተመለስኩት በስምንት ቀን ነው። «ምን አየሽ?» ለሚለኝ ሁሉ ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ስነግር ጉሮሮዬ ስለደረቀ ጻፍኩት። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። የጎደለ ፊደል ብታገኙ ሙሉበት። የጎደለ እውነት ግን አታገኙበትም።

እኛ አሥራ አንድ ሴቶች ነን፤ ጥጥ እንፈትላለን። ልጄ ሰናይት ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር ትኖራለች። ፈትላችንን እየገዛች በሰው በኩል ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች ታሰጣለች፤ የተሸመነውን ሻርፕ ደግሞ ናይሮቢ ሱቅ ከፍታ ትሸጣለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በማሽን የተሠራ ርካሽ ሻርፕ ከውጭ ገብቶ ገበያውን ስላጥለቀለቀው፣ ሌሎቹ ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ጠፉ። የቀረችልን ሰናይት ብቻ ናት።

ሚሊኒየሙን ባከበርን በማግስቱ ዓመት፣ ሐምሌ ሲገባ ደወለችልኝ። «እማዬ፣ አንዲት ጅምላ ገዢ ከአውሮፓ ትመጣለች። ለብዙ ሱቅ ነው የምትገዛው። የምትፈልገው ምድርን የማይጎዳ፣ በእጅ የተሠራ ልብስ ነው። አንቺን በዓይኗ ካየች ታምናለች። ካዘዘች የአሥራ አንዳችሁም ፈትል ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። ካላዘዘች ግን ሱቁን እዘጋለሁ።»

ሴቶቹ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኙኝ። ጎረቤቴ ዘውዴ በመስኮት አንገቷን አስገብታ፣ «ፎቶም ልብስም አንፈልግም። ሥራ ይዘሽልን ነይ» አለችኝ።

ሰኞ

ገና ከአገሬ ሳልወጣ ቦሌ ላይ ተናደድኩ። ፈታሹ ልጅ ቦርሳዬን ከፍቶ እንዝርቴን አወጣ።

«እማማ፣ ይህ አይገባም። ጫፉ ይወጋል።»

«በስልሳ ስምንት ዓመቴ የወጋው የኔን ጣት ብቻ ነው።»

«ሕጉ ነው እማማ።»

ከኋላዬ የቆመው ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ኪሱ ላይ የብረት ብዕር ሰክቷል፤ ጫፉ ከእንዝርቴ ይብሳል። «የእሱስ?» አልኩ።

«እሱማ ብዕር ነው፤ ይጻፍበታል።»

«በዚህስ ይፈተልበት የለም እንዴ!»

ሰውዬው ሳቀ፤ ልጁ አልሳቀም። እንዝርቴ ከመቀሶችና ከምላጮች ጋር ሣጥን ውስጥ ተጣለ። ባዘቶዬን፣ ለፈትል የተነደፈውን ጥጥ፣ ግን ደባብሶ መለሰልኝ። እንዝርት የሌለው ባዘቶ ይዤ ወደ ሰማይ ወጣሁ።

ናይሮቢ ሙቀት ነው ብለው ነግረውኝ ነበር። ውሸት ነው። በሐምሌ እንደኛው ይበርዳል፤ ዝናቡ ብቻ የለም። ሰማዩ እንደ ቆሸሸ ነጠላ ግራጫ ሆኖ ይውላል። ሰናይትና ልጇ ኤደን በታክሲ ተቀበሉኝ። ለትልቅ ሰው የሚገባው የፊት ወንበር ነው ብዬ እንደ አገሬ በቀኝ በኩል ያለውን በር ስከፍት መሪ አገኘሁ። ሾፌሩ፣ ኋላ እንደተረጎሙልኝ፣ «ማማ፣ አንቺ ከነዳሽማ እኔ ልተኛ» ብሎ ከኋላ ሊገባ ሲል ኤደን በሳቅ ፈረሰች።

ማታ ሽሮ በላን። ሽሮው የኔው ነው፤ ባለፈው በሰው የላክሁት።

ማክሰኞ

ኤደን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ነው ያደገችው። አማርኛ ስትናገር መንገድ ላይ ሌላ ቋንቋ ትሳፈራለች። ጠዋት ሻርፖቹን ልታሳየኝ ሱቁ ወሰደችኝ። በእያንዳንዱ ሻርፕ ላይ ካርቶን ተንጠልጥሏል፤ ካርቶኑ ላይ አንዲት አሮጊት አለች።

«እማማ፣ ዚስ ኢዝ ዩ!» አለች።

እኔ ነኝ። ካቻምና ሰናይት አገር ቤት መጥታ ያነሳችኝ ፎቶ ነው፤ የእጄ ጅማት ሳይቀር ይታያል። «ምን ይላል?» አልኳት።

እየተንተባተበች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። «ይህ ልብስ... ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው... በወይዘሮ የሺእመቤት እጅ የተፈተለ ነው።»

ፈትል ለማያውቅ ላስረዳ። ሸማኔው አስቀድሞ የሚዘረጋው ክር ድር ይባላል። በመሀሉ ወዲያና ወዲህ እየተወረወረ የሚገባው ማግ ነው። እኛ የምንፈትለው ማጉን ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ሽሮ ሜዳ ከሱቅ ይገዛል። ይህ እፍረት የለበትም። እፍረቱ «ሁሉም የኔ ነው» ማለቱ ነው። ማጉስ ቢሆን የኔ ብቻ ነው እንዴ? የብርቄ፣ የዘውዴ፣ የሌሎቹስ ጣት የት ሄደ?

ሰናይትን ከደንበኛ ፊት ጎትቼ አወጣኋት። «ካርቶን ላይ ሰቅለሽ ሌባ አደረግሽኝ!»

«እማዬ፣ ቀስ በይ። ገዢዎቹ አንድ ታሪክ ነው የሚፈልጉት። አንድ ፊት። ድርና ማግ ብዬ ባስረዳቸው ያዛጋሉ።»

«ያዛጉ። የሰው ልፋት ከምትሰርቂ ሰው ቢያዛጋ ይሻላል።»

«የሰረቅሁት ለማን ነው? ለናንተው አይደለም?»

ይህን ስትለኝ የባሰ ተናደድኩ፤ ምክንያቱም እውነት አለበት።

ረቡዕ

ጾም ስለሆነ ቁርስ የለም፤ እንዝርትም የለም። እጄን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝና ወደ ግቢው ወረድኩ።

በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ሙዜ ሙቲሶ ይባላል። ሙዜ ማለት እንደኛ «አባባ» ማለት ነው፤ በዕድሜ ግን እኔን አይበልጥም። በዚያ ብርድ ቆሟል። ወንበሩስ? ስል ኤደን ጠይቃ ነገረችኝ፤ የሕንፃው ኃላፊ «ተቀምጦ ይተኛል» ብሎ ወስዶበታል። እላይ የሚኖሩት ሁሉ ሶፋ ላይ ተጋድመው ይጠበቃሉ፣ ጠባቂያቸው በሁለት እግሩ ቆሞ ይውላል! ወጥቼ ከሰናይት የምግብ ጠረጴዛ አንድ ወንበር አወረድኩና በሩ ሥር አስቀመጥኩት። «ኃላፊው ቢመጣ የአሮጊቷ ነው በለው። እኔ እዚህ ጋ መቀመጥ እወዳለሁ» አልኩ። አጠገቡ ቆሜ እስኪቀመጥ ድረስ አልሄድኩም።

በምሳ ሰዓት ምግቡን አካፈለኝ። ነጭ የበቆሎ ገንፎና የተከተፈ ጎመን ነው። ገንፎው እንደኛ ቅቤ የሚጠጣበት ጉድጓድ የለውም፤ በእጅ እየተጠቀለለ በጎመን ይበላል። «ቅቤ አለበት?» ብዬ በኤደን አስጠየቅሁ። «የለም፣ ዘይት ነው» ሲል በላሁ። ጨው አንሶታል እንጂ ጥሩ ነው።

ኤደን ስለ እንዝርቴ ስትነግረው «ፖሌ፣ ሾሾ» አለ። አዝናለሁ፣ አያቴ፣ ማለቱ ነው። ሰውየው ከካምባ አገር ነው፤ እነሱ እንጨት መቅረጽ ያውቁበታል አሉ። እንዝርት ምን እንደሚመስል አሸዋ ላይ በጣቴ ሣልኩለት። ከአጥሩ ዛፍ ቀጭን ዘንግ ቆርጦ ሲፍቅ ዋለ። ለታችኛው ክብ የሚሆን ነገር ሲያጣ ያረጀ የጎማ ጫማውን ገልብጦ ከተረከዙ ላይ በቢላ ቆረጠ። መጀመሪያ ሲሽከረከር ተንገዳገደ። አንድ ጎኑን ላጥ ሲያደርገው ቀጥ ብሎ ዞረ። ባዘቶዬን አምጥቼ እዚያው በሩ ሥር ፈተልኩ። የሚገቡ የሚወጡ መኪኖች እየቆሙ ያዩናል። ሙቲሶም እንደ ባለቤት፣ «እለፉ፣ እለፉ» ይላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ከኤደን ጋር ገበያ ወጣን። ማታቱ በሚሉት ታክሲ ሄድን፤ ዘፈኑ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ረዳቱ ግን «ሾሾ ትቀመጥ!» ብሎ አንድ ጎረምሳ አስነሳልኝ። ይህ ከኛ አይለይም።

የለየብኝ ገበያው ነው። ልባሽ ጨርቅ እኛም አገር አለ፤ ሳልባጅ ተራን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ተራራ ግን አላየሁም። ከአውሮፓ በማዳበሪያ ታስሮ የመጣ ሸሚዝ፣ ካፖርት፣ ቀሚስ። አንዱን ቀሚስ አነሳሁ፤ የሱቁ ካርቶን እንኳ አልተበጠሰም። አንድ ቀን ያልተለበሰ ልብስ ተጥሎ መጣ! ባለ መደርደሪያዋ ሴት ጣቷን ወደ ታች ዘርግታ አሳየችኝ፤ ያልተሸጠው ከወንዙ ዳር ይጣላል፣ ይቃጠላል። ጭሱ ይታያል። እኔ የማውቀው ነጠላ ሲያረጅ መቀነት ይሆናል፤ መቀነት ሲያረጅ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፤ እሱም ሲያረጅ የምጣድ ማሰሻ። ለዚህ ደግሞ ካርቶን ያንጠለጠለልን የለም።

ሐሙስ

ገዢዋ ያረፈችው ጊጊሪ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ነው። ከሰናይትና ከኤደን ጋር ሄድን። ከፍ ያለ አጥር፣ ሰፊ ሣር። ሽበቷን ያልቀባች ቀጭን ሴትዮ ናት፤ እውነቱን ለመናገር ፊቷ ክፉ አይደለም። ሻይ ራሷ ቀዳችልኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥታ መጠየቅ ጀመረች፤ ሰናይት ታስተረጉማለች።

«በሳምንት ስንት ቀን ትሠራላችሁ?» አለች።

ቆጠርኩላት። «ቅዳሜና እሁድ እንዝርት አይነካም። ከወሩ ደግሞ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ ባለ እግዚአብሔር። ጊዮርጊስን ዘውዴ ታከብራለች፤ እሷ ስታከብር እኛም መሥራት እናፍራለን። ለቅሶ ከመጣ ሦስት ቀን።»

ሴትዮዋ ብዕሯን አቁማ አየችኝ። «የኔ ሠራተኞች ይህን ቢሰሙ ሁሉም ወደናንተ ይኮበልላሉ» አለች፤ ሣቅን።

ቀጥላ ካርቶኑን አንስታ ጠየቀች። ሰናይት ለኔ ሳትተረጉም ራሷ መለሰች፤ ረጅም አድርጋ። ቋንቋውን አላውቅም፣ ልጄን ግን አውቃለሁ። ስትዋሽ የጆሮ ጉትቻዋን ትነካለች፤ ልጅ ሆና ስኳር ከምትሰርቅበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ናት።

«ኤደን፣ ነይ ወደዚህ። ያልኩትን እንዳልኩት ንገሪልኝ። እናትሽ እንደምታሳምረው አይደለም።»

«እማዬ!» አለች ሰናይት።

ከሻርፑ ዘርፍ አንድ የድር ክር፣ ከጎኑ አንድ የማግ ክር መዝዤ ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋቸው። «ይቺ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ናት፤ የፋብሪካ ናት። ይቺ ወፈር ቀጠን ትላለች፤ የሰው እጅ ናት። የኛ ይቺ ብቻ ናት። እኛም አሥራ አንድ ነን፤ እኔ አንዷ ነኝ።» ከዚያ የሙቲሶን እንዝርት ከጉያዬ አውጥቼ እፊቷ ፈተልኩ፤ አፌን ብቻ እንዳታምን።

ሴትዮዋ ሁለቱን ክሮች በጣቷ እያሻሸች ቆየች። ቀጥላ፣ «እንግዲያው ድሩንም በእጅ ፍተሉልኝ» አለች።

«ይቻላል። አያቴ ትፈትል ነበር። ድር ግን ቀጭንም ጠንካራም መሆን አለበት። ማጉ ሁለት ቀን ከፈጀብኝ ድሩ ስምንት ቀን ይፈጃል። ዋጋው በዚያው ልክ ይሆናል?»

ዋጋው አይጨመርም አለች። ሱቆቹ አይቀበሏትም። ይህን ያለችው በለሰለሰ ድምፅ ነው፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

«ምድር አትድከም ነው የምትዪው። ደግ ነው። የድካሙን ስምንት ቀን ግን ለኛ ወገብ ሰጠሽው። የሰው ወገብ ከምድር አይቆጠርም? ትናንት ገበያ ወጥቼ የናንተን ልብስ ተራራ ሆኖ አየሁት፤ ሳይለበስ የተጣለ አለበት። እኔን ስንት ቀን ትሠሪያለሽ ብለሽ ጠየቅሽ፤ ያንን የጣሉትን ሰዎች በየትኛው ወረቀት ጠየቅሻቸው?»

ኤደን አፏን ያዘች። «እማማ፣ ይህን እኔ አልልም። ኢትስ ሩድ።»

«በይ!»

አለች። አንድ በአንድ አለች። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ወረቀቷን አጠፈችና «አስብበታለሁ» ብላ ተነሳች።

ስንመለስ ዌስትላንድስ በሚሉት ሰፈር መንገዱ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ቆምን።

ዓርብ

ሰናይት የልቧን የተናገረችው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ባትናገር ይሻል ነበር።

«እውነት ተናገርሽ፤ ጎሽ! አንቺ ሰኞ ትሄጃለሽ፣ የሱቁን ቁልፍ የምመልሰው እኔ ነኝ። ዘውዴን ምን ልትያት ነው? 'ሥራ አላመጣሁም፣ እውነት ተናግሬ ግን መጣሁ' ነው የምትያት?»

ቁጭ ብዬ የሴቶቹን ቤት አንድ በአንድ አሰብኩ። የብርቄ ባል አልጋ ላይ ከወደቀ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው በእንዝርት ነው። እውነቴን ይበሉታል?

ቢሆንም ያ ካርቶን ከነፊቴ እንዲንጠለጠል አልፈለግሁም። መቀስ አንስቼ ሰናይት ቤት ካከማቸቻቸው ሻርፖች ላይ እየቆረጥኩ መጣል ጀመርኩ። ኤደን አጠገቤ ተቀምጣ አዲስ ካርቶን በእጇ ትጽፋለች። «ድሩ የፋብሪካ ነው» ብላ ጻፈች። «ማጉን የፈተሉት» ብላም ጻፈችና «ስሞቹን በዪኝ» አለች። ጠራሁላት፤ አሥር ስም ሲሞላ አንዱ ጎደለብኝ።

ሰናይት ጀርባዋን ሰጥታን መስኮት ላይ ቆማ ነበር። ሳትዞር፣ «ብርቄን ረሳሻት» አለች። ቆይታ ሁለተኛ መቀስ ይዛ መጣች።

ቅዳሜ

ገዢዋ ሳትጠራ ቤታችን መጣች። በመስኮት ወደ ታች ስመለከት ሙቲሶ ከወንበሩ ተነስቶ፣ እንደማንኛውም ሰው መዝገብ ላይ ስሟን አስጽፎ ነው ያስገባት። የዘበኛ ሕግ እንዲህ ነው፤ ቦሌዎች ይማሩ።

አዲሱን ካርቶን ቆማ አነበበች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ ኤደን ናት የነገረችኝ፦ «በየአገሩ እዞራለሁ፤ በየሄድኩበት የምሰማው 'አዎን' ብቻ ነው። ሁሉም አዎን ሲለኝ ለሱቆቹ ምን እውነት እንደምነግር አላውቅም።» ድሩ የፋብሪካ እንደሆነ ይቆይ አለች፤ ያንን በመጻፋችን ግን አንዳንዶቹ ሱቆች አይወስዱትም። ስለዚህ ያዘዘችው ሰናይት ተስፋ ካደረገችው ሲሶውን ነው። ስለ ልብሱ ተራራ ጥያቄዬ ምንም አልመለሰችም። እኔም አልረሳሁትም።

ልትወጣ ስትል ካርቶኑን እንደገና አየችው። «ስሞቹ ግን በዝተዋል። ሦስት አይበቁም?»

«ስምንቱን ራስሽ ሰርዢያቸው» ብዬ ብዕር ሰጠኋት።

ብዕሩን ያዘችው፣ አየችው፣ መለሰችልኝ።

እሁድና ሰኞ

እሁድ አስቀድሰን ዋልን። ሰኞ ስወጣ ለሙቲሶ አንድ ሻርፕ ሰጠሁት፤ በዘበኛ ካፖርቱ ላይ እንደ መኳንንት ጠመጠመው። ወንበሩን ኃላፊው እንዳይወስድበት ልትጠብቅለት ኤደን በኔ ስም ማለች። እንዝርቱን በዚህ ጊዜ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አደረግሁት፤ ሰው ይማራል። ቦሌ ስደርስ የፊተኛውን እንዝርቴን ጠየቅሁ። «ያኔ የነበረው ልጅ ዛሬ ፈረቃው አይደለም» አሉኝ። እንዝርት በየትኛው ፈረቃ እንደሚገባ አልነገሩኝም።

ማምሻውን ሴቶቹ እኔ ቤት ተሰበሰቡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሲሶ መሆኑንም አልደበቅሁም። ለአራት ሰው የሚበቃ ሥራ ነው። ተራ እንግባ ተባለ። አራት አራት እየሆንን፣ የብርቄ ተራ እንዳይዘለል ተስማማን። በጎማው እንዝርት ሳቁ፤ እየተቀባበሉ ሞከሩት።

ዘውዴ ብቻ አልሳቀችም። ካርቶኑን ይዛ፣ «ድሩ የፋብሪካ ነው ብለሽ ነው ያጻፍሽው?» አለችኝ።

«አዎን። ውሸት ነው?»

«ውሸትስ አይደለም። ግን ልጄ አስካለ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ክር ፋብሪካ ናት። ትናንትም የመጣችው እግሯ አብጦ ነው። ፋብሪካ ብቻውን ይፈትላል እንዴ፣ የሺ?»

አስካለን አዝዬ ነው ያሳደግኋት። በጊጊሪ ሣር ላይ «የፋብሪካ ናት» ብዬ ክሯን እንደ ምራቅ ስተፋት እሷን አላሰብኳትም። ሰናይትን የተቆጣሁበትን ነገር እኔው ራሴ ሠራሁት።

በነጋታው ዘውዴ ቤት ሄጄ አስካለን ጠበቅኋት። እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ፣ በማሽኗ ረድፍ የሚቆሙትን ሴቶች ስም በደብተር ጻፈችልኝ፤ ከሷ ጋር ስድስት ናቸው። ናይሮቢ ደወልኩ።

«ኤደን፣ ድር ከሚለው ጎን ስድስት ስም ጨምሪ።»

«እማማ፣ ሃኩና ስፔስ! ካርቶኑ ሞልቷል!»

«አስፊው» ብያት፣ የመጀመሪያውን ስም ማንበብ ጀመርኩ።